ዓርብ እቀራለሁ

አባቴ ርዕሰ መምህር ነው። የርዕሰ መምህር ልጅ የክረምት ሥራ ስታገኝ እንደ ማንም ሰው ዝም ብላ አትሄድም፤ መመሪያ ተቀብላ ነው የምትሄደው። አምና የከተማችን ትልቁ ላውንደሪ ለሁለት ወር ተማሪ እንደሚቀጥር ስነግረው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጣቱን እያጠፈ መመሪያውን ይዘረዝርልኝ ጀመር። ከሰው ቀድመሽ ግቢ። ያልገባሽን ጠይቂ። ከታላላቆችሽ ጋር ተግባቢ። ማታ ማታ የተማርሽውን በደብተር ጻፊ። ስትጨርሺ የልምድ ወረቀት ሳትቀበዪ እንዳትወጪ።

«የክረምት ሥራ ማለት ደሞዝ አይደለም» አለኝ። «እዚያ ቤት ያለውን ጥቅም ሁሉ አሟጥጠሽ ነው መውጣት ያለብሽ።»

አባቴ ይሙት፣ አሟጥጬ ነው የወጣሁት። ይዤ የወጣሁትን ግን በየትኛውም ደብተር ላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ሥራዬ ኪስ መፈተሽ ነበር። ልብስ ወደ ማጠቢያው ከመግባቱ በፊት ኪሱ ይፈተሻል። የተገኘው ነገር፣ እስክሪቢቶም ይሁን የከረሜላ ልጣጭ፣ ፖስታ ውስጥ ይታሸግና አውራ ጣት የምታክል የካርቶን ቲኬት በመርፌ ቁልፍ ተያይዞበት ለባለቤቱ ይመለሳል። በሰው ኪስ ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም። በአንድ ኮስታራ ዳኛ ኮት ውስጥ የሕፃን ጡጦ አግኝቻለሁ።

የላውንደሪው አለቃ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው፣ ድምፃቸው ከማሽኑ በላይ የሚሰማ ሴትዮ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ቤቱን ሲያስጎበኙኝ እንፋሎት የሞላበት ክፍል አስገብተውኝ «ይኼ ደግሞ ተኳሻችን ነው» አሉኝ። ክው አልኩ። ለካ ልብስ ተኳሽ ማለታቸው ነው። እጅጌውን እስከ ክርኑ የሰበሰበ ቀጭን ወጣት ከእንፋሎቱ መሃል ብቅ ብሎ ድንጋጤዬን አየና «አይዞሽ እህቴ፣ እስካሁን የገደልኩት ሁለት ሸሚዝ ብቻ ነው» አለኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ስስቅ ያየኝ ነበር። ሰው ሲስቅ እንደዚያ አድርጎ የሚያይ ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።

በእሱ ክፍልና በእኔ ጠረጴዛ መካከል ልብስና ፖስታ የምንቀባበልባት ትንሽ መስኮት ነበረች። ፖስታ ሳቀብለው ዓይን ለዓይን እንጋጫለን፤ እኔ ወደ ኪሴ፣ እሱ ወደ ካውያው እናፈገፍጋለን። ሰኞ ሰኞ የሠራተኛውን ሁሉ ጋዋን የሚተኩሰው እሱ ነው። በሁለተኛው ሰኞ የተተኮሰ ጋዋኔን ለብሼ እጄን ኪሴ ስከት ካርቶን ነካኝ። «የሰው ኪስ ፈታሽ፣ የራስሽንም ፈትሺ» ይላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀን አሥር ጊዜ የራሴን ኪስ የምፈትሽ ሆንኩ።

መጻጻፍ የጀመርነው እንዲህ ነው። እኔ መቼም የአባቴ ልጅ ነኝ፤ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያለው ደብዳቤ እጽፋለሁ። እሱ አውራ ጣት በምታክል ቲኬት ላይ ይመልሳል። ስለ ብቸኝነቴ ሦስት ገጽ ብጽፍለት «እኔ አለሁ» አለኝ። ስለ ወደፊት ሕይወቴ ስጋት ሁለት ገጽ ተኩል ባወርድበት ደግሞ «ምሳ በልተሻል?» ብሎ መለሰ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሸሚዝ አተኳኮስ አስተምረኝ አልኩት። ያልገባሽን ጠይቂ ተብዬ የለ? ኮሌታውን ዘርግቶ «ከጫፍ ወደ መሃል ነው የምትሄጂው። ከመሃል ወደ ጫፍ ከገፋሽው ጫፉ ላይ ይሸበሸባል» አለኝ። ካውያውን ሳነሳ እጁን በእጄ ላይ አድርጎ አብሮኝ ገፋው።

«ለምንድን ነው ደብዳቤህን የማታረዝመው?» አልኩት፣ ቀና ለማለት ፈርቼ።

«ከስምንተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ብዙ ከጻፍኩ ፊደል እገድፋለሁ፤ አንቺ ደግሞ በቀይ ታርሚኛለሽ።»

«አላርምህም።»

«እንግዲያው አንድ ቀን ረጅም እጽፍልሻለሁ» አለኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም፤ ራቤንም ረሳሁት።

በሰባተኛው ሳምንት ሰኞ አባቴ ለምርቃት በዓል የሚለብሰውን ኮት ሊወስድ መጣ። ኮቱን ራሱ ተኳሹ ይዞት ወጣ፤ በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ አቀረበለት። አባቴ ኮቱን ትቶ ፊቱን አየው።

«አንተን አውቅሃለሁ።»

«አዎ ጋሼ።»

«ስምንተኛ ሐ። በአንድ መንፈቅ ዓመት አርባ ሁለት ቀን የቀረኸው!»

«አርባ አንድ ነው ጋሼ። አንዱን ቀን ዘግይቼ ነው እንጂ መጥቻለሁ።»

እኔ ሞኟ በዚህ ሳቅሁ። ስቄም አልቀረሁ፣ ልክ እንደ ልማዴ ዓይኔን ወረወርኩበት። አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከመጨረሻው ወንበር የሚላላክ ተማሪን ሲይዝ የኖረ ሰው ነው። አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየና ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ወጣ።

አባቴን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር መንገር አለብኝ። በእኛ ቤት «ቀሪ» ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ነው። አባቴ ሰውን በስሙም በመልኩም አያስታውስም፤ በቀረበት ቀን ብዛት ነው የሚያስታውሰው። በስም መጥሪያው ላይ ከስሙ ትይዩ በቀይ «ቀሪ» የበዛበት ልጅ ለእሱ ሰው አይደለም። ማታ እራት ላይ «ሲቀር እኮ እዚያው ላውንደሪ በታመሙት እናቱ ቦታ ገብቶ ይሠራ ነበር። ለምን እንደቀረ ጠይቀኸው ታውቃለህ?» ብዬ አባቴን ብጠይቀው ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ከዚያ ልጅ ጋር ምን ያህል እንደተዋወቅሽ አሁን ገባኝ» አለ። «ቅዳሜ አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ። ኮሌጁን እዚያው ትማሪያለሽ።»

«አባዬ፣ ሥራዬ ገና ሁለት ሳምንት አለው።»

«የልምድ ወረቀትሽን እኔ እቀበልልሻለሁ።»

እናቴ ሳህን አነሳች። አባቴ ከፈረደ በኋላ በእኛ ቤት ሰው የሚያደርገው ሳህን ማንሳት ብቻ ነው።

ረቡዕ አራት ገጽ ጻፍኩ። መግቢያም መደምደሚያም አልነበረውም፤ እንባ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ሊወስዱኝ ነው አልኩት። አንድ ቃል ከነገርከኝ አልሄድም። ዓርብ ሥራ አልገባም፤ አባቴ ከልክሎኛል። ግን ለምዝገባ ጉርድ ፎቶ ልነሳ ብዬ እወጣለሁና በአሥራ አንድ ሰዓት ከላውንደሪው ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ቤት ደጃፍ ላይ እጠብቅሃለሁ። ና። አብረን አባቴ ጋ እንሂድ። ከጎኔ ከቆምክልኝ የምናገረው እኔ ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት ተሰቅሎ ባደረው ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ቲኬቱን አገኘሁት። ሁለት ቃል ነው።

«ዓርብ እቀራለሁ።»

ደግሜ አነበብኩት። ገልብጬ አየሁት፤ ጀርባው ባዶ ነው። ኪሴን እንደገና ፈተሽኩ፣ ሌላኛውን ኪስም ፈተሽኩ፣ ሌላ ቲኬት ወድቆ እንደሆነ ብዬ ተንበርክኬ ከጠረጴዛው ሥር ፈለግሁ። የለም። ለአራት ገጽ እንባ የተሰጠኝ መልስ ይኸው ነው፤ አልመጣም፣ ከሥራም እቀራለሁ፣ እንዳትፈልጊኝ። በመስኮቷ አሻግሬ ባየው ፈገግ አለልኝ። ይስቃል! ደሜ ፈላ። ፊቴን አዞርኩበትና እስክወጣ ድረስ ወደዚያች መስኮት አላየሁም። አባቴ እውነቱን ነው፣ ይኼ ልጅ ድሮም ቀሪ ነው አልኩ በልቤ። ያን ያልኩትን ያህል በሕይወቴ የሚጸጽተኝ ነገር የለም።

ዓርብ ግን ሄድኩ። ልብ የሚባለው ነገር ክብር አያውቅ። ዝናብ ይጥል ነበር። ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተለጥፌ ቆምኩ። ፎቶ አንሺው ሦስት ጊዜ ብቅ ብሎ «እህት፣ ትነሺያለሽ አትነሺም?» አለኝ። በመጨረሻ ልቡን አድክሜው ስለነበር ገብቼ ተነሳሁ። ያ ዓይኑ ያበጠ ጉርድ ፎቶ ዛሬም የኮሌጅ መታወቂያዬ ላይ አለ። ስወጣ ቀና ብዬ ላውንደሪውን አየሁት። ፎቁ ላይ የካውያ ክፍሉ መብራት በርቷል፤ መስታወቱ ግን በእንፋሎት ነጭ ሆኖ ሰው አይለይም። አንዱ ምስኪን ሥራ በዝቶበት አምሽቷል ብዬ አዘንኩለት። ከዚያም ለራሴ አዝኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አክስቴ ቤት አንድ ዓመት ኖርኩ። በላሁ፣ ተማርኩ፣ አለፍኩ። ስለ ዓመቱ ከዚህ በላይ የማወራው የለኝም።

ዘንድሮ ለዕረፍት ስመለስ ዓይኔን በጨው አጥቤ እንደገና ላውንደሪ ልሥራ አልኩ። ለሰው ሁሉ «ልምድ አለኝ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ያጣውን እንዲያይ ነው የሄድኩት፤ አዲስ ጫማም ገዝቼ ነበር። የገረመኝ አባቴ ነው። እንደ አንበሳ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ጋዜጣውን ሳያጥፍ «አሁን ግድ የለም፣ ሂጂ» አለኝ። ልቡ ራራ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ባለፈው ሰኞ በጠዋት ገባሁ። እትዬ ዘንድሮ ኪስ ፍተሻ ሳይሆን ካውያ ክፍል፣ የተተኮሰ ልብስ ማጠፍ ላይ መደቡኝ። እሱ ማሽኑ ላይ ነበር። ትንሽ ከስቷል። አዲሱን ጫማዬን አላየውም።

«እንኳን ደህና መጡ» አለኝ።

አንድ ክረምት ሙሉ «አንቺ» ሲለኝ የነበረ ሰው «እርስዎ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እኔም «እንኳን ደህና ቆየህ» ብዬ ልብስ ማጠፍ ያዝኩ፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ሸሚዞች ምን እንዳደረግኳቸው ግን አላውቅም።

ጥግ ላይ፣ መብራቱ ሥር፣ የወለቀ ቁልፍ የምትሰፋ ዝምተኛ ልጅ አለች። አምናም እዚያው ነበረች፤ እኔ ነኝ ልብ ያላልኳት። በምሳ ሰዓት ምሳ አለመያዜን አይታ የራሷን ለሁለት ከፍላ አቀረበችልኝ። እጇን ስትዘረጋ ቀለበት አየሁ።

«እንኳን ደስ ያለሽ! ሠርጉ መቼ ነው?»

«ሦስት ሳምንት ነው የቀረን።» እፍረት ይዟት ወደ ካውያው ማሽን አየች። «እሱ አልነገረሽም እንዴ? እኔ የነገረሽ መስሎኝ … ስለ አንቺ ግን ለእኔ ነግሮኛል። ጎበዝ ነች፣ ትልቅ ቦታ ትደርሳለች ይላል።»

የጎረስኩት አልወርድ አለኝ። አባቴ «አሁን ግድ የለም» ያለው ለካ ይህን ሰምቶ ነው። ልጅቷ ያነቀኝ መስሏት ውሃ ሮጣ አመጣችልኝ። ውሃውን ስጠጣ ጀርባዬን መታ መታ ታደርገኝ ነበር፤ ልጠላት ብሞክርም አቃተኝ።

አምና እንደ ተማሪ በአሥር ሰዓት ነበር የምለቀቀው፤ ዘንድሮ እንደ ሠራተኛው አሥራ አንድ ላይ ነው። አሥራ አንድ ሲሆን እትዬ በሩ ላይ ቆመው አጨበጨቡ።

«እህ! ዛሬ ማን ይቀራል?»

«እኔ እቀራለሁ» አለ ተኳሹ፣ ቀና ሳይል።

እጄ ላይ የነበረው ልብስ መሬት ወደቀ። ቁልፍ ሰፊዋን ክንዷን ያዝኳት። «ምን ማለት ነው? ይቀራል ማለት ምን ማለት ነው?»

«ማምሸት ነዋ» አለችኝ፣ ጥያቄው ገርሟት። «ሰው ሁሉ ሲሄድ እንፋሎት የሚያፈላው ቦይለር እስኪበርድ አንድ ሰው እዚህ ይቀራል። የቀረ ሰው ቦይለሩን ትቶ መውጣት አይችልም። እዚህ ቤት ሁሌ እንዲሁ ነው የምንለው። ምነው፣ አመመሽ?»

ሰማይ ተደፋብኝ። ዓርብ እቀራለሁ። ዓርብ እዚህ እሆናለሁ፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ እኔ አልሄድም፣ ነይ ማለቱ ነበር። ያቺ መብራት የእሱ ነበረች። አምሽቷል ብዬ ያዘንኩለት ምስኪን እሱ ነበር።

«እኔም እቀራለሁ» አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። እትዬ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው «ደግ፣ የሆቴሉ አንሶላ ሁለት ሰው ይፈልጋል» ብለው ሄዱ። ቁልፍ ሰፊዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየች። ከዚያ ሹራቧን ለብሳ «ብዙ እንዳትቆዩ፣ ደክሟችኋል» ብላን ወጣች። ምንም አልጠየቀችም።

ሁለታችን ብቻ ቀረን።

«ሙቀቱ ይከብድዎታል፤ ባይቀሩ ይሻል ነበር» አለኝ፣ አንሶላውን እያየ።

«አምና ዓርብ የት ነበርክ?»

«ይህን ለመጠየቅ ነው የቀሩት?»

«የት ነበርክ አልኩህ!»

«እዚህ! የት እሆናለሁ? እቀራለሁ ብዬሽ የለም እንዴ?» «አንቺ» ማለቱን ራሱም አላወቀውም። «ተራዬ እንኳ አልነበረም። እትዬን ለምኜ ነው የቀረሁት። ፎቶ ቤቱ በር ላይ የአባትሽ ተማሪ ሁሉ ነው የሚያልፈው፤ መንገድ ላይ ቆመሽ እንድታለቅሺ አልፈለግኩም። እዚህ ትመጣለች፣ ተረጋግተን እናወራለን፣ ከዚያ አባቷ ጋ እሄዳለሁ አልኩ። ሱሪዬን ሁለት ጊዜ ተኮስኩት። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ተነሳሁ። አልመጣሽም።»

«አልመጣም ያልከኝ መስሎኝ ነው!»

«መቼ አልኩሽ?»

«እቀራለሁ አልከኝ! እቀራለሁ!»

አልገባውም። አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ እየገባው ሲሄድ ፊቱ ሲለዋወጥ ቆሜ አየሁት፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ባያይ ጥሩ ነው። ጀርባውን ግድግዳው ላይ አሳርፎ እስከ ወለሉ ተንሸራተተ።

«ቀሪ» አለ፣ ልክ አባቴ እንደሚጠራው አድርጎ። «እናንተ ቤት ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ስሜ የተሰረዘው በእሱ ነው። እንዴት ረሳሁት? በየቀኑ ስለምንለው … እንዴት አንድ ቃል አልጨመርኩበትም?»

«እኔስ? በመስኮቷ አንገቴን አስግጌ ምን ማለትህ ነው ብዬ ብጠይቅህ ምን ነበረበት? ፊቴን አዞርኩብህ።»

«ሰው እንዳያየን የተጠነቀቅሽ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አለኝ። «ያን ቀን የት ነበርሽ?»

«ፎቶ ቤቱ ደጃፍ። እስከ አንድ ሰዓት።»

«ዝናብ ነበር'ኮ።»

«አዎ፣ ዝናብ ነበር።»

ብድግ ብሎ በመንገድ በኩል ወዳለው መስኮት ሄደና እንፋሎቱን በእጅጌው ወለወለው። ከመንገዱ ማዶ ፎቶ ቤቱ ወለል ብሎ ታየ፤ ፎቶ አንሺው የደጃፉን ሰሌዳ ወደ ውስጥ ሲያስገባ ነበር። ከእኛ እስከዚያ መቶ እርምጃ አይሞላም።

«አንድ ጊዜ ብወለውለው» አለ። «አንድ ጊዜ እንኳ …» ወንድ ልጅ ድምፅ ሳያወጣ ሲያለቅስ ያን ጊዜ አየሁ። እኔ ግን ድምፄን ልይዝ አልቻልኩም።

ካለቀስን በኋላ እንደ እብድ ተስፋ ያዘኝ። እጁን ጨበጥኩት። «አሁንስ? አሁን አለሁ፣ አሁን ገብቶኛል። ነገውኑ አባቴ ጋ እንሂድ። ዘንድሮ አባቴን አልፈራውም።»

የጨበጥኩትን እጅ ገልብጦ አሳየኝ። ከመዳፉ እስከ አንጓው ቆዳው ተጨማዷል።

«አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ ነው። ሐሳቤ አንቺ ጋ ሆኖ እጄን ማሽኑ ውስጥ ዘጋሁበት። ሁለት ወር ቀኝ እጄ አልሠራም። እናቴ አልጋ ላይ ናት። ጠዋት ጠዋት ቤታችን እየመጣች የሸሚዜን ቁልፍ የቆለፈችልኝ ይህቺው ቁልፍ ሰፊዋ ነች። ማን እንዳቃጠለኝ ታውቃለች። አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም።»

«ተዋት» አልኩት።

ይህን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ አልክደውም። ምሳዋን ያካፈለችኝን ልጅ ተዋት አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«እውነቱን ነግረህ! በአንድ ቃል ነው የተለያየነው በላት።»

«ብነግራት ትለቀኛለች። የምፈራውም ይኼንኑ ነው። ሂድ ትለኛለች፣ ኮሌታዬንም አስተካክላ ነው የምትሸኘኝ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ በምን አንጀቴ ልጨክን?»

«እኔ ላይስ ትጨክናለህ?»

«አዎ» አለኝ። ዓይኑን ግን ከእኔ ላይ ማንሳት አልቻለም።

«ትወደኛለህ?»

«ይህን አትጠይቂኝ፣ በናትሽ።»

«ትወደኛለህ ወይ? ዛሬ የሚያሳጥርህ ቲኬት የለም። አፍ አለህ፣ ጨርሰህ ንገረኝ።»

«እወድሻለሁ፤ አላገባሽም» አለኝ። ይኼኛው ግልጽ ነበር።

ሥራው ግን ይጠብቀን ነበር። አንሶላው ጠዋት ሆቴሉ መድረስ አለበት። ትልቅ አንሶላ ብቻውን የሚያጥፍ ሰው የለም፤ አንዱ በወዲህ፣ አንዱ በወዲያ ጫፍ ጫፉን ይዞ ይወጥረዋል፣ ያጥፈዋል፣ ከዚያ ጫፉን ለማቀበል ተራምዶ ይገናኛል። ስንገናኝ ጣቶቻችን ይነካካሉ። ጫፉን ይቀበለኝና ወደ ኋላዬ እመለሳለሁ፣ ሌላውን አነሳለሁ፣ እንደገና ወደ እሱ እራመዳለሁ። ከክምሩ አንድ አንሶላ በተነሳ ቁጥር የቀሩትን እቆጥር ነበር፤ ሲያልቅ ወደ እሱ የምራመድበት ምክንያት እንደማይኖረኝ አውቄዋለሁ። እሱም ያወቀ ይመስለኛል፣ እያዘገመ ነበር የሚያጥፈው።

የመጨረሻው ላይ እጃችን ሲገናኝ ጫፉን አልተቀበለኝም። እኔም አልሰጠሁትም። ትንፋሹ ግንባሬ ላይ ይሰማኝ ነበር። ቦይለሩ በርዶ ዝም ብሏል። ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም። ከዚያ ጣቶቼን ከአንሶላው ላይ አንድ በአንድ አላቀቃቸው። ራሱ አጥፎ ክምሩ ላይ አኖረና በዚያ በተቃጠለ መዳፉ አስተካከለው።

«በቃ፣ አለቀ» አለኝ። «ሂጂ፣ እንዳይመሽብሽ።»

እሺ አልኩት። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። በሩ ላይ ሽማግሌው ዘበኛ ሲያዩኝ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ምነው ልጄ? ሰው ሞተብሽ እንዴ?»

«የለም አባባ» አልኳቸው። «ያጣሁትስ ሰው ደህና ነው።»